ሕመሙን የሚያውቅ ሕሙም

ስኳር የያዘው ሰው የስኳሩን ልክ፣ ደም ብዛት ያለበትም የግፊቱን ቁጥር በቃሉ ይዞ ለጎረቤቱ ሲናገር መስማት በከተማችን የተለመደ ነገር ነው፤ ሐኪሙም ስለ ጨውና ስለ ቅባት፣ ስለ እግር ንጽሕናና ስለ ቀጠሮ ሳይመክረው አያሰናብተውም። ሕመሙ የአእምሮ የሆነ እንደሆነ ግን ሥርዐቱ ሁሉ ይለወጣል። ሐኪሙ እናትን ወይም ታላቅ ወንድምን ለብቻ ጠርቶ ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገራል፤ ዘመድ የሰማውን ከሕሙሙ ይሰውራል፤ ሕሙሙም የሕመሙን ስም ሳይሰማ፣ የሚውጠው ክኒን ምን እንደሚሠራለት ሳይረዳ፣ እስከ መቼ እንደሚወስደው ለመጠየቅም ሳይደፍር ዓመታት ያልፉበታል። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን መድኃኒቱን ሲጥል «አሻፈረኝ አለ» ተብሎ ይወቀሳል፤ ነገር ግን ያልተነገረውን ነገር እንዴት ሊጠብቅ ይችል ነበር?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነው፤ ይኸውም የአእምሮ ሕሙም ስለ ገዛ ሕመሙ የሚሰጠው ትምህርት፣ ጊዜ ሲተርፍ የሚጨመር ምርቃት ሳይሆን፣ እንደ ክኒኑና እንደ መርፌው ሁሉ ራሱን የቻለ የሕክምና ክፍል መሆኑን ማስረዳት ነው።

ይህ አሳብ በሐኪሞች ዘንድ ሥር የሰደደው በቅርብ ዘመን ነው። በቀደሙት ዘመናት በአውሮፓ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያደረበት ሰው ዕጣ ፈንታው ብዙውን ጊዜ ከፍ ባለ ግንብ ውስጥ መዘጋት ስለ ነበረ፣ በግንቡ ውስጥ ለሚኖር ሰው ደግሞ የሚያስብለት ጠባቂው እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ፣ ሕሙሙን ማስተማር ለማንም ትዝ አላለውም። እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ከተማ በሳንት አን ሆስፒታል ዣን ደሌና ፒየር ደኒኬር የተባሉ ሐኪሞች ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን ሰጥተው ውጤቱን ባስታወቁ ጊዜ ግን የግንቡ በር መከፈት ጀመረ። በድምፅና በራእይ ይታወኩ የነበሩ ሰዎች ጸጥ ብለው ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «እንዴት እንጠብቃቸው» መሆኑ ቀርቶ «በቤታቸው እንዴት ይኑሩ» የሚል ሆነ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከተደረጉት ምርምሮች ሁሉ ዐቢይ ሆኖ የሚጠቀሰው በሎንዶን ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ ያካሄዱት ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች ከሆስፒታል የወጡትን ሕሙማን ተከታትለው ቢያዩ፣ ከወላጆቻቸው ወይም ከሚስቶቻቸው ጋር ለመኖር ከተመለሱት መካከል ብዙዎቹ፣ በኪራይ ክፍል ከባዕድ ጋር ከሚኖሩት ይልቅ ሕመሙ እየተመለሰባቸው ዳግመኛ ወደ ሆስፒታል ሲገቡ አገኟቸው። ነገሩ እንግዳ ስለ ሆነባቸው የቤቱን ኑሮ ይመረምሩ ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ጥናትም ነቀፋና ቁጣ በሚበዛበት፣ ወይም ፍቅር ከልክ አልፎ ሕሙሙን እንደ ሕፃን አንቆ በሚይዝበት ቤት ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንደሚያገረሽ አሳዩ። ይህን ያየ ሰው «እንግዲያስ ሕመሙን ያመጣው ቤተ ሰቡ ነው» ብሎ እንዳይፈርድ መጠንቀቅ ይገባዋል። ቤተ ሰብ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የዚህ ጽኑ ሕመም ወላጅ አይደለም፤ ነቀፋውም የሚመነጨው አብዛኛውን ጊዜ ከጥላቻ ሳይሆን ካለማወቅ ነው።

ለዚህም ማስረጃ የሚሆነው በየቤቱ የሚታየው ኑሮ ነው። ስኪዞፍሬኒያ የያዘው ወጣት የሚሰማው ድምፅ በመድኃኒት ጸጥ ካለለት በኋላ እንኳ ብዙ ጊዜ ፈቃዱ የዛለ፣ ንግግሩ ያነሰ፣ ፊቱ ደስታንም ኀዘንንም የማያሳይ ሆኖ ይቀራል፤ ጧት ከአልጋው አይነሣም፣ ልብሱን አይቀይርም፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል። ይህ ራሱ የሕመሙ አካል መሆኑን ያልተነገረው አባት ልጁን የሚያየው እንደ ሰነፍ ነው፤ «በሽታውስ ለቆህ ነበር፣ አሁን ያለህ ስንፍና ነው» እያለ ሲገሥጸው ይውላል። አባት የሚገሥጸው ልጁን ስለሚወድና ወደ ሰው ተርታ ሊመልሰው ስለሚመኝ ነው፤ ተግሣጹ ግን በቁስል ላይ የሚያርፍ በትር ይሆናል። አንድ ሐኪም ይህን ለአባትና ለልጅ በአንድነት ተቀምጦ ቢያስረዳቸው፣ አባት የስንፍናን ክስ ትቶ «ዛሬ ከእኔ ጋር እስከ ገበያ ድረስ እንሂድ» ወደማለት ይመለሳል፤ ልጁም በራሱ ላይ ሲፈርድ የኖረውን ፍርድ ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ ካሮል አንደርሰን፣ ጄራርድ ሆጋርቲና ዳግላስ ሪስ ቤተ ሰቦችን በጉባኤ ሰብስቦ ስለ ሕመሙ የማስተማርን ሥርዐት በጽሑፍ ባወጡ ጊዜ ያቀኑት መንገድ ይህ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሕሙማኑ ራሳቸው በትምህርቱ ላይ እኩል ባለቤት እየሆኑ ሄዱ።

እንግዲህ የሚሰጠው ትምህርት ምን ምን ነው? መጀመሪያው የሕመሙ ጠባይ ነው። ስኪዞፍሬኒያ በዓለም ላይ ከሦስት መቶ ሰዎች አንዱን ያህል የሚይዝ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከጉርምስና ማብቂያ አንሥቶ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚጀምር ሕመም መሆኑን የሰማ ወጣት፣ በምድር ላይ ለብቻው የተቀጣ አለመሆኑን ይረዳል። ሕመሙ አንድ ምክንያት ብቻ የሌለው መሆኑ፣ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ የአንጎል አሠራር፣ የኑሮ መከራና እንደ ካናቢስ ያሉ አደንዛዥ ዕፆች ተደራርበው የሚያመጡት መሆኑ ሲነገረው፣ «ምን ኀጢአት ሠርቼ ነው?» የሚለው የብዙ ሌሊት ጥያቄ ይቀልለታል።

ሁለተኛው ስለ መድኃኒቱ የሚሰጠው ትምህርት ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ ፍሬው ፈጥኖ የሚታየው በዚህ ነው። ሃሎፔሪዶል የተባለውን መድኃኒት አዲስ የጀመረ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዳንድ ጊዜ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል፣ መንጋጋው ይያዛል፣ ዓይኖቹም ወደ ላይ ተሰቅለው ይቀራሉ። ይህ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ በጤና ጣቢያ በሚገኝ መርፌ ወይም ክኒን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይፈታል። ነገር ግን አስቀድሞ ማንም ያልነገራቸው ቤተ ሰቦች ይህን በሌሊት ሲያዩ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? ያደረበት መንፈስ መድኃኒቱን ጠልቶ የተቆጣ ይመስላቸዋል፤ ክኒኑን ከቤት አውጥተው ይጥላሉ፤ ሕሙሙንም በገመድ ያስሩታል። «አንገቱ ቢጠመዘዝ አትደንግጡ፣ መድኃኒቱ ነው፣ ወዲያው አምጡት» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይህን ሁሉ መከራ ሊያስቀር ይችል ነበር። እንዲሁም ሊቲየም የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ፣ ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለበት ሰው ደሙን በየጊዜው ማስመርመር እንዳለበት፣ በብርቱ ተቅማጥ፣ በሙቀት ወይም ውኃ በማይጠጣበት ጾም ሰውነቱ ሲደርቅ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው እንደሚችል ማወቁ ነፍሱን የሚያድን ዕውቀት ነው፤ ጾሙን እንዴት እንደሚጾምም ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ሊመካከርበት ይገባል።

ይህ ትምህርት ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ብቻ የሚፈስስ አይደለም። በተመላላሽ ክፍል ውስጥ ዘወትር የሚሰማውን ዓይነት ንግግር ለምሳሌ እናንሣ። እናት ከልጃቸው ጋር ገብተው ለነርሷ እንዲህ ይላሉ፦

«ሲስተር፣ ልጄ ድኖ የለም እንዴ? ይበላል፣ ይተኛል፣ ሥራም ጀምሯል። ታዲያ ይህን ክኒን እስከ መቼ ነው የሚውጠው?»

«እማማ፣ ደኅና የሆነው ክኒኑን ስለሚወስድ ነው። ዛሬ ቢያቆመው ነገ ምንም አይታይበት ይሆናል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ግን ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ማቆም ወይም መቀነስ ያሰባችሁ እንደሆነ ሳትደብቁ ንገሩን፣ አብረን እናስብበት።»

ነርሷ በዚህ ብታበቃ ግማሹን ሥራ ብቻ በሠራች ነበር። ነገር ግን ፊቷን ወደ ወጣቱ መልሳ «አንተስ ወንድሜ፣ መድኃኒቱ እንዴት ነው ለአንተ?» ትለዋለች። ወጣቱም እናቱን በጎን አይቶ «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሲስተር። ምስማር መያዝ አቅቶኛል። የሥራ ጓደኞቼ እንዳያዩኝ ብዬ አንዳንድ ቀን አልወስደውም» ይላታል። እነሆ፣ እናቲቱም ሐኪሙም የማያውቁት ነገር ተገለጠ። መጠኑ ይቀነሳል፣ ወይም ለመንቀጥቀጡ ማስታገሻ ይታዘዛል፣ ወይም መድኃኒቱ ይለወጣል፤ ወጣቱም በገዛ ሕክምናው ላይ ቃሉ እንደሚሰማ ያውቃል። ያንን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ባይኖር ኖሮ፣ በመዝገቡ ላይ «መድኃኒት አይወስድም» የሚል ነቀፋ ብቻ ይጻፍ ነበር።

ሦስተኛው ትምህርት የሕመሙን መመለስ አስቀድሞ ማወቅ ነው። የዝናቡን ደመና አይቶ ነዶውን ሳይረጥብ እንደሚሰበስብ ገበሬ፣ ሕሙሙም የገዛ ሕመሙን ቀዳሚ ምልክቶች ለይቶ ያወቀ እንደሆነ ብርቱው ማዕበል ሳይደርስ መጠጊያ ያገኛል። ምልክቱ ለያንዳንዱ ሰው የተለየ ነው፤ አንዱ እንቅልፉ ከስምንት ሰዓት ወደ አራት ሰዓት ይወርዳል፤ ሁለተኛው ገንዘቡን ያለ ልክ መበተን ይጀምራል፤ ሦስተኛዋ ሬዲዮ ስለ እርሷ የሚናገር መስሎ ይታያታል። በደኅናው ጊዜ ሕሙሙና አንድ የሚያምነው ሰው ተቀምጠው እነዚህን ምልክቶች በአንድ ወረቀት ላይ በአንድ ወገን፣ ምልክቱ ሲታይ የሚደረገውንና የሚጠራውን ሰው በሌላው ወገን ይጽፋሉ። እንቅልፍን መጠበቅ፣ ከጫትና ከመጠጥ መራቅ፣ ቀጠሮ አለማሳለፍ፣ እነዚህ ሁሉ በዚሁ ወረቀት ላይ ቦታ አላቸው።

የዚህ ትምህርት ፍሬ በቍጥር ተመዝኗል። በባርሴሎና ፍራንሴስክ ኮሎም፣ ኤድዋርድ ቪየታና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ባይፖላር ያለባቸውን 120 ሰዎች፣ ሁሉም መድኃኒታቸውን እየወሰዱና ሕመሙ ጋብ ባለላቸው ጊዜ፣ በሁለት ወገን መደቧቸው። አንደኛው ወገን 21 ጊዜ እየተሰበሰበ ስለ ሕመሙ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ምልክቶቹና ስለ ኑሮ ሥርዐት ተማረ፤ ሁለተኛውም በዚያው ቍጥር ተሰበሰበ፣ ነገር ግን ትምህርት አልነበረውም፣ ተቀምጦ መጫወት ብቻ ነበረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተማሩት 92 ከመቶ ያህሉ ሕመሙ ሲመለስባቸው፣ ከተማሩት የተመለሰባቸው 67 ከመቶ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲቈጠርም የተማሩት በሕመም ያሳለፏቸው ቀናት በአማካይ 154 ገደማ ሲሆኑ ያልተማሩት 586 ገደማ ሆኑ። ትምህርቱ ሕመሙን ነቅሎ እንዳላጠፋ ከቍጥሩ ይታያል፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ደኅና ዕድሜ ለአንድ ሰው መመለስ ትንሽ ስጦታ አይደለም። ስለ ስኪዞፍሬኒያም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ 44 ጥናቶችንና ከ5,000 በላይ ሕሙማንን ያጠቃለለ ምርመራ፣ የተማሩት መድኃኒታቸውን በይበልጥ እንደሚጠብቁና የሕመሙም መመለስ እንደሚቀንስላቸው አሳይቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ነው። ሐኪሙ ጥቂት፣ ሕሙሙ ብዙ ስለ ነበረ፣ በ1979 ዓ.ም የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ፤ እነዚህ ነርሶች በየክፍለ አገሩ ሆስፒታል ተሰማርተው የሕክምናውን ሸክም ተሸከሙት። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተቻለውም በ1995 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ ነርስ በአንድ ጧት ብዙ ሰው ማየት ሲኖርበት ለትምህርት የሚተርፈው ደቂቃ እንደማይበዛ እናውቃለን፤ ስለዚህም ነው ትምህርቱ በቡድን መሰጠት፣ ከሆስፒታሉም ወጥቶ ወደ ቤት መግባት ያለበት።

በቡታጅራ ገጠር የተደረገው ታላቅ ጥናት ቤተ ሰቡ በምን ዓይነት ሸክም ሥር እንዳለ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ክፍሉ ከተጠየቁት 178 ዘመዶች መካከል ከአራቱ ሦስቱ በሕመሙ ምክንያት መገለልና መናቅ እንደሚሰማቸው ተናገሩ፤ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጡትም ነገሩን ከሰው መደበቅ ይፈልጉ ነበር። የተደበቀ ሕመም ደግሞ መምህር አያገኝም። በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ የተደረገው ሙከራ ግን ሌላ መንገድ እንዳለ አስረዳ። ከዚያው ከአካባቢው ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች፣ ሐኪም ሳይሆኑ፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ለአንድ ዓመት ያህል በየቤታቸው እየጐበኙ ሕመሙን አስረዷቸው፣ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ ደገፏቸው፣ ከዕድሩና ከጎረቤቱም ጋር አነጋገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት በጤና ጣቢያ ሕክምና ላይ ይህ ድጋፍ የተጨመረላቸው ሕሙማን ከሌሎቹ ይልቅ ኑሯቸውን ለመምራት የተሻለ ኀይል እንዳገኙ አሳየ። በአንድ ሣር ቤት ደጃፍ ተቀምጦ በእናት ቋንቋ የሚነገር ትምህርት ያለ ትልቅ ሕንፃና ያለ ውድ መሣሪያ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው።

ስለ ጠበል ሳይናገሩ በኢትዮጵያ ስለ አእምሮ ሕመም መናገር ሐቅን መዝለል ነው። ብዙው ሕሙም ወደ ሆስፒታል ከመምጣቱ በፊት በጠበሉ ስፍራ ሱባዔ የያዘ፣ የተጠመቀ፣ የተጸለየለት ነው፤ በዚያም መጽናናትን፣ ማኅበርንና ተስፋን ያገኛል። ችግሩ የሚመጣው «ጠበሉን ከመረጥህ ክኒኑን ተው» የተባለ እንደሆነ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም ማለቂያ ላይ ስለ ኤች አይ ቪ ይኸው ክርክር በተነሣ ጊዜ በዚያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም በአንድነት እንዲወስዱ በአደባባይ መምከራቸው ይታወሳል። በቤተ ክርስቲያናችን ከሚቈጠሩት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበርን፣ መድኃኒትንም የፈጣሪ ሥራ አድርጎ መቀበልን ያስተምራል። በጠበሉ ስፍራ የሚያጠምቀው አባትና በጤና ጣቢያው የሚያክመው ነርስ እርስ በርሳቸው ቢተዋወቁ፣ ሕሙሙ ከሁለቱ አንዱን ክዶ ሌላውን ለመምረጥ አይገደድም። በመስጊዱም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ በረመዳን የመድኃኒቱን ሰዓት ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር ማስማማት ሐኪምና ሸኽ አብረው ሊመክሩበት የሚችሉት ነገር ነው።

አንዳንድ ሰው «አእምሮው የታመመ ሰው እንዴት ይማራል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሕመሙ በጸናበት ሰዓት በእርግጥ ረጅም ትምህርት አይገባም፤ በዚያን ጊዜ የሚበቃው አጭር፣ የረጋና ስድብ የሌለበት ቃል ነው። ነገር ግን ማዕበሉ ጸጥ ሲል ያው ሰው ልቡናው ይመለሳል፤ ማንበብ፣ መጠየቅ፣ መከራከር ይችላል፤ የባርሴሎናዎቹም የተማሩት ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜ ነው። ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ሌላ ነገር አለ። ሕመሙን ድንገት ያወቀ ወጣት «እንግዲህ ሕይወቴ አበቃ» ብሎ ወደ ጥልቅ ኀዘን ሊወድቅ፣ አልፎም ራሱን ለማጥፋት ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ ዕውቀቱ በልክና በጊዜ፣ ሁልጊዜም ከተስፋ ጋር ይሰጥ። የሕመሙን ስም የነገረ ሐኪም በዚያው ቀን ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሠርተው፣ አግብተው፣ ልጅ አሳድገው እንደሚኖሩ ሊነግረው፣ በሚቀጥለውም ቀጠሮ «ባለፈው የነገርኩህን ምን አሰብህበት?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባል። ከሁሉ የበለጠ ተስፋ የሚሰጠው ደግሞ በዚያው መንገድ ያለፈ ሌላ ሕሙም ነው፤ እርሱ ሲናገር ሰሚው «ይህ ሰው ቆሟል፣ እኔም እቆማለሁ» ይላል።

እንግዲህ ሥራው የሁላችን ነው። ነርስና ሐኪም ሆይ፣ ለእናቲቱ የምትናገረውን ለልጁም ፊት ለፊት ተናገር፤ የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቱን ጥቅምና የጎንዮሽ ጉዳት፣ ቀጠሮውንም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም ሕሙሙ በሚሰማው በማናቸውም ቋንቋ በወረቀት ጽፈህ ስጠው። ቤተ ሰብ ሆይ፣ ስለ ሕሙሙ ከሕሙሙ ተደብቀህ አትምከር፤ ሐኪሙ ዘንድ አብረኸው ግባ፣ ነገር ግን በእርሱ ፈንታ አትናገርለት። በዕድር፣ በሰንበቴና በየእምነቱ ስብሰባ የምትመሩም አባቶችና እናቶች፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ጠርታችሁ ጥያቄያችሁን አቅርቡለት። አንተም ወይም አንቺ ሕመሙን የምትሸከሙ፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቡት እናንተ ከሆናችሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከመነሣታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ፤ ሕመሜ ምን ይባላል፣ መድኃኒቴ ምን ይሠራልኛል፣ ሲመለስብኝ በምን አውቀዋለሁ? መልሱን ካላገኛችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፤ ሕመሙን የተሸከመው ሰው ስለ ሕመሙ ከማንም ቀድሞ ሊነገረው ይገባልና።